አያቴ የነፉት ጥሩምባ

አያቴ የአፍንጮ በር እድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ብቻ አይደለም፤ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ለአየር ንብረት ካሳ ሰልፍ ስንወጣም በጠዋት ይነፉታል። ጎረቤት ደንግጦ ይወጣል።

«ማን ሞተ?»

«እናንተ ናችኋ! ጭሱ የሀብታም አገር፣ ጎርፉ የኛ! ካሳችንን እንጠይቅ፣ ተነሱ!»

«ኧረ አባባ፣ ያስተኙን!»

ሦስት አራት ሆነን መፈክር የጻፍንበትን ካርቶን ይዘን ድልድዩ ላይ እንቆማለን።

እሳቸው ሲሞቱ እኔ ነፋሁት። ሰፈሩ «የሽማግሌው ሰልፍ ነው» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ቀብር ላይ ጥቂት ነበርን። ከሰዓት ግን እናንተ ጎረቤቶቼ የለቅሶውን ድንኳን ሞልታችሁ «አልሰማንም እኮ» አላችሁኝ።

ሰምታችኋል! ክረምት ወንዙ ቤታችሁ ሲገባ እኮ ማንንም አያስተኛም።

ድልድዩ ላይ የሳቸው ቦታ ባዶ ነው። ቅዳሜ ለሰልፉ ጥሩምባውን እነፋዋለሁ። ብቻ «ማን ሞተ?» እንዳትሉኝ፤ እሳቸው የሞቱ ለት አልወጣችሁም።