የእህቴ ዱዳ ሳጥንና የመካነ ሰላም ቅሬ

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ደሴ

መናኸሪያ ነኝ። ብርዱ አጥንት ይበላል። ረዳቱ ሰውን እንደ ጤፍ ጆንያ ይጠቀጥቃል። ወደ ታላቅ እህቴ ወደ ፋጡማ ነው የምሄደው፤ ሳጥኗ ዱዳ ሆናባታለች።

ሳጥን የምላት በፀሐይ የምትሠራ፣ ፊደል በድምፅ የምታስተምር ትንሽ መሣሪያ ናት። እኔን ከጎለመስኩ በኋላ ማንበብ ያስቻለችኝ እሷ ናት። ከዚያ ለእህቴ ሰጠኋት። የሠራት ድርጅት ግን ዘግቶ ጠፋ። ለካ ሳጥኗ በየጊዜው ከድርጅቱ ፈቃድ ትጠይቅ ኖሯል፤ መላሽ ስታጣ አፏን ዘጋች። ባትሪዋ ደህና፣ አካሏ ደህና። ደሴ አንድ ነጋዴ ባማክረው «ጣላትና አዲስ ግዛ» አለኝ። መጣልስ እሱን ነበር።

ረፋድ፣ ጉጉፍቱ

ጉም መንገዱን ውጦታል። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ፤ ድንቹ ጥሩ፣ ሻጯ ቁጡ። ሾፌሩ ስለ ሳጥኗ ሰምቶ፣ ይሄን መኪናም ፋብሪካው ከረሳው ቆየ፣ የሚሄደው እኛ ስላልረሳነው ነው አለኝ። የምሰድበው ነገር አጣሁበት።

ከሰዓት፣ መካነ ሰላም

እህቴ ስልኳን ጨብጣ ጠበቀችኝ። ልጇ ከአረብ አገር የላከችው መልእክት ሳይከፈት ተቀምጧል። ድሮ ጎረቤት ነበር የሚያነብላት፤ የልጇን ወሬ መንደሩ ቀድሟት ይሰማል። ይሄንን ግን ራሴ ካላነበብኩት ብላ ማለች። ሳጥኗ የተዘጋችው ፊደሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ላንብብልሽ ብላት ስልኩን ነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው።

ሰዓዳ የምትባል ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ሰዓዳ ድርጅቱ ሳይዘጋ በፊት ፈቃድ የማይጠይቀውን የድሮውን ሶፍትዌር ከሌላ ሳጥን ገልብጣ አስቀምጣለች። የት ብትሉ፣ ቅሬ ዘንድ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ቅሬው ድንኳንና ድስት እንደሚያኖር ሁሉ፣ በየሰፈሩ ቅሬ አንዳንድ ሚሞሪ ካርድ አኑራለች። የአንዱ ቢጠፋ የሌላው ይተርፋል። የእህቴ ሰፈር ካርድ ከቅሬው ዳኛ ቤት፣ ከድስቶቹ መሃል ወጥቶ መጣ።

ሰዓዳ ጫነችው። ሳጥኗ በዚያው በድሮ ድምጿ «እንደምን ዋላችሁ» አለች።

ሒሳቡን ስጠይቅ ሰዓዳ ራሷን ነቀነቀች።

«ደሴ ቅሬ አለዎት?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ግልባጩን ይውሰዱና ከድስቱ ጋር ያኑሩት። ሳጥኑ የተዘጋበት ሲመጣ እንዳይከለክሉ፤ የቅሬ ዕቃ አይከለከልም።»

እሑድ ጠዋት፣ መመለሻ

እስከ ዛሬ ከእህቴ ጋር ሰነበትኩ። ሳጥኗ ትናገራለች፣ እህቴ ትደግማለች፣ እኔ ስስቅባት በመጥረጊያ ታባርረኛለች። ትናንት ፊደሉን ጨረሰች።

ዛሬ መናኸሪያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መልእክቱን ከፈተች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ቃል ላይ ቆመች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ቀጠለች። ሲያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ፊቷ ግን በርቷል።

«ምን ትላለች?» አልኳት።

«የተጻፈው ለኔ ነው» አለችኝ። «አንተ መኪናው እንዳያመልጥህ።»

ተሳፈርኩ። አቀስታ እስክንደርስ ሰዓዳ የገለበጠችልኝ ካርድ ያለችበትን የደረት ኪሴን እየዳሰስኩ ብቻዬን ስስቅ፣ ረዳቱ ጤነኛ መሆኔን ተጠራጠረ።