ላልቶ የሚነበበው ማስታወቂያ

የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪውን በመዝገበ ቃላት መትታ ጥርሱን አራገፈችው ተብሎ ተወርቷል። ወሬው ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ጥርሱ ከሁለት ወደ ስድስት አደገ፤ መዝገበ ቃላቱም በደም ተጨማልቆ ፖሊስ ጣቢያ በኤግዚቢትነት ተያዘ። እንዲያውም መጀመሪያ «ጥርስ» የሚለውን ቃል ገልጣ ትርጉሙን አንብባለት ነው አሉ የመታችው።

ውሸት ነው። መዝገበ ቃላቱ መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ ከአቧራ በቀር የነካው የለም። የተቆጣጣሪው የፊት ጥርሶችም የወለቁት እዚህ ሳይቀጠር በፊት፣ በራሱ ሠርግ ማግስት ከሚስቱ ወንድም ጋር ሲደባደብ ነው። የተሰበረው ጣት ነው። ሦስት ጣት። የሰበረውም የብረት መሳቢያ ነው። መሳቢያውን የገፋችው ግን እሷ ናት፤ እዚህ ላይ ወሬው አልተሳሳተም።

ልጆቹ «እትዬ ሽሽ» ይሏታል። በቀን መቶ ጊዜ «ሽሽ» ስለምትል ነው። ቤቷም ገብታ ልማዱ አልለቅ ስላላት፣ ባሏ ሲያስነጥስ «ሽሽ» ትለዋለች፤ እሱም ሁለተኛውን ማስነጠስ ይውጠዋል ይባላል። ይሄኛው ወሬ እውነት ነው፤ ባልየው ራሱ ነው የሚያወራው።

ቅድስት አልነበረችም። በወጣትነቷ የመጽሐፍ ገጽ ያጠፈ ልጅ ከተገኘ ጆሮው የእሷ ነበር። አንድ ጊዜ ቆንጥጣ ያደማችው ልጅ እናቱን ይዞ መጣና፣ ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ ግንባሯን ፈነከተቻት። ጠባሳው ከግራ ቅንድቧ በላይ እስካሁን አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅ ነክታ አታውቅም። «እኔ ትምህርት የገባኝ በተረከዝ ነው» ትላለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ክፍል ከመምህራን ማረፊያ ጎን ነው። ሰባት መደርደሪያ፣ አራት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ እስከ ደረት የሚደርስ ግራጫ የብረት ካቢኔ አለ። በካቢኔው ጠባብ መሳቢያዎች ውስጥ የስድስት መቶ ተማሪ ካርድ በየክፍሉ ተሰድሯል፤ ማን ምን ወሰደ፣ መቼ መለሰ። መሳቢያዎቹ ከባድ ናቸው። እጅ ስለማይበቃቸው በዳሌዋ ነው የምትዘጋቸው።

ጣጣው የመጣው ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ክፍሉን መለካት ሲጀምር ነው።

«እትዬ፣ የተሰበሩት ወንበሮች ዝናብ እየመታቸው ነው።»

«ታዲያ ጥላ ልግዛላቸው?»

«ይሄ ክፍል መጋዘን ይሁን የሚል ሐሳብ መጥቷል። በሳምንት ስልሳ መጽሐፍ ነው የሚወጣው፤ ስልሳ መጽሐፍ እኮ ሳጥን ይበቃዋል። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ በሳምንት ሦስት መቶ ካስገቡልኝ ክፍሉን አልነካም። ካልሆነ እርስዎ መዝገብ ቤት ይገባሉ።»

ያን ዕለት ካርቶን ቀደደች፣ ወፍራም ጥቁር ቀለም አወጣች፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

የወሩ የንባብ ግብ፦ አራት መጽሐፍ
ሁሉም ተማሪ ይመታል

ላልቶ ሲነበብ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ተማሪ ግቡን ይመታል ማለት ነው። «ግብ» ከላይ ስላለ ከታች መድገሙ ቀለም ማባከን መሰላት። ጠብቆ ሲነበብ ግን ሌላ ነው፤ ሁሉም ተማሪ ዱላ ይቀምሳል ማለት ነው። ፊደላችን ደግሞ የሚላላውንና የሚጠብቀውን አይለይም፤ አንባቢው እንደ ልቡ ያነባል።

ሰኞ ጠዋት ያንን ማስታወቂያ ቆሞ ያነበበው ጋሽ ጎማ ነበር። ጋሽ ጎማ የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪው ነው፤ ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ናቸው፤ ክንድ የሚያህል ቁራጭ የውሃ ጎማ ከብብቱ ስለማይለይ። የእሱ ልብ ደግሞ የታወቀ ነው። አጥብቆ አነበበው።

ወሩ እስኪያልቅ እንኳ ሳይጠብቅ፣ በመጀመሪያው ዓርብ ከሰልፍ ላይ አሥራ ሰባት ልጆች አውጥቶ፣ ለጎደላቸው መጽሐፍ ልክ መዳፋቸውን ገረፋቸው። አራት የጎደለው አራት፣ ሁለት የጎደለው ሁለት። እሷ ጩኸቱን ሰምታ ስትወጣ እሱ ጨርሶ ላቡን እየጠረገ ነበር።

«ምን አድርገው ነው?» አለችው።

«ማስታወቂያው የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«ላልቶ ነው የሚነበበው እኮ። ላልቶ።»

«ላልቶ ብለው አልጻፉበትማ» አለና በሌሉት ጥርሶች በኩል ሳቀ።

ሮጣ ገብታ «ግቡን» የምትል ቃል ከ«ይመታል» በፊት ሰነቀረች። ምን ዋጋ አለው፤ ልጆቹ አንዴ በመዳፋቸው አንብበውታል።

ከዚያ ወዲያ ቤተ መጻሕፍቱ እንደ ጦር ሜዳ ሆነ። ቀጭን መጽሐፍም ወፍራም መጽሐፍም ካርድ ላይ እኩል አንድ ስለሆነ፣ ልጆቹ በሩ ሲከፈት ወደ ቀጭኖቹ መደርደሪያ በክርን እየተጎሻሸሙ ይሮጣሉ። እሷ በየሳምንቱ የምትጽፈው «የሳምንቱ ክንውን» የሚባል ወረቀት አለ፤ በዚያ ሳምንት እንዲህ ይላል፦

«ሰኞ፦ መቶ ሁለት መጽሐፍ ወጣ። አንድ አፍንጫ ደማ። ማክሰኞ፦ ሰማንያ ስምንት ወጣ። ሁለት የአራተኛ ክፍል ልጆች ባለ አሥራ ሁለት ገጹን መጽሐፍ ይዘው ተናከሱ፤ አንዱ ክንዱ ላይ ጥርስ ወጥቶበታል፤ መጽሐፉ ባለ ስድስት ገጽ ሆኗል። ረቡዕ፦ የተረት ሰዓት ነበር። ያዳመጠ የለም፤ ሁሉም ገጽ ይቆጥራል። ሐሙስ፦ ዘጠና አንድ ወጣ። አንዲት ልጅ ከመደርደሪያ ላይ በፀጉሯ ተጎትታ ወደቀች። ዓርብ፦ እንደ ተለመደው።»

ርዕሰ መምህሩ ቁጥሮቹን ብቻ ደመረና «ይበርቱ» አላት።

የጽዳት ሠራተኛዋ የእትዬ ሽሽ ወዳጅ ናት። ወለሉን እየወለወለች ደም ያለበትን ውሃ አሳየቻት።

«አንቺ፣ ይሄ ቤተ መጻሕፍት ነው ቄራ?»

«ሦስት መቶ ልንሞላ ነው» አለች እትዬ ሽሽ።

«ከምኑ? ከመጽሐፉ ነው ከጥርሱ?»

ያን ጊዜ ማስታወቂያውን ቀድዳ መጣል ትችል ነበር። አልቀደደችም። ይሄ የእሷ ኃጢአት ነው፤ ለማንም አልደበቀችውም። ክፍሏን ስለፈለገች ዝም አለች። ሁለት ዓርብ ሙሉ መስኮቱን ዘግታ የተመለሱ መጻሕፍት ላይ ቀን ስትመታ ዋለች። ውጭ እሱ መዳፍ ይመታል፣ ውስጥ እሷ ማኅተም ትመታለች። ጎማው አየር ሲሰነጥቅ እንዳይሰማት ማኅተሙን ታጠነክራለች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሻይ እየዘለለ ይፈሳል። በሦስተኛው ሳምንት አራት መቶ አሥራ ሁለት መጽሐፍ ወጣ። ክፍሉ ተረፈ።

ኤሊ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለች። ኤሊ ያሏት እኩዮቿ ናቸው፤ በንባብ ከእሷ የሚዘገይ የለም። እያንዳንዷን ፊደል በቀኝ እጇ ሌባ ጣት እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። የቃል መጨረሻ ላይ ስትደርስ ጣቷን አንሥታ እንደ ድል አድራጊ ዙሪያዋን ታያለች። ሰኞ ጠዋት እትዬ ሽሽ ቀና ስትል ልጅቷ በግራ እጇ ጣት ነው የምትከተለው። ጣቷም መስመሩን እየሳተ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል።

«ቀኝሽን ምን ነካው?»

«እምቢ አለኝ።»

«አሳይኝ እስቲ።»

እጇን ከጠረጴዛው ሥር አወጣችው። ሌባ ጣቷ አብጦ ከአውራ ጣቷ ወፍሯል፤ ጥፍሯ ጠቁሮ ከሥሩ ተነሥቷል።

«ጋሽ ጎማ አንድ ነው ያነበብሽው አለኝ። ሦስት ይጎድላል አለና ሦስት ጊዜ መታኝ። መዳፌን ስሰበስብ ጊዜ ጣቴን አገኘው።» ወደ መጽሐፉ አየች። «ግን እኮ እትዬ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።»

እትዬ ሽሽ ተነሥታ ማስታወቂያውን ከግድግዳው ገነጠለችው። ግን ዘገየች፤ ጋሽ ጎማ በየዓርቡ የሚገርፋቸውን ልጆች ዝርዝር የሚቀዳው ከካርዱ ነው እንጂ ከማስታወቂያው አይደለም።

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ጋሽ ጎማ እንደ ልማዱ መጣ። ክፍሉ ሞልቷል። እሷ ካቢኔው ፊት ቆማለች።

«የሦስተኛ ክፍልን ልገልብጥ» አለ።

«ካርድ ዛሬ አይታይም።»

«ለምን ሲባል?»

«የአንባቢ ካርድ ነው፤ የእስረኛ ፋይል አይደለም።»

«እትዬ፣ ሥራዬን ልሥራበት።»

«ሥራህ ግቢ ውስጥ ነው። ሂድና ዛፍ ግረፍ፤ ዛፉም አንድ መጽሐፍ አላነበበም።»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ጎማ ብዙ ነገር ይችላል፣ ልጅ ሲስቅበት ግን አይችልም። «ዞር በይ፣ አንቺ ሴትዮ» አለና በክርኑ ደረቷን ገፈተራት። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» በአንድ ክርን ተሻገረ። ወደ ኋላ ስትወድቅ አፏ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ተገናኘ፤ ከንፈሯ እንደ ከረጢት ተከፈተ። እሱ ዞር ብሎም አላያት። ጎማውን ግራ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ የሦስተኛ ክፍልን መሳቢያ ሳበና በቀኝ እጁ ካርዶቹን መገልበጥ ጀመረ።

ተነሣች። ደሟን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ መሳቢያውን ሁልጊዜ እንደምትዘጋው፣ በዳሌዋ ዘጋችው።

ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ግን ሦስት ጊዜ። ጋሽ ጎማ ጮኸ። እሷም ከልማዷ የተነሣ «ሽሽ» አለችው።

በግራ እጁ ጎማውን መዝዞ ወረደባት። ትከሻዋን፣ አንገቷን፣ ትከሻዋን። እሷ ዞራ ጀርባዋን ለመሳቢያው ሰጠችና እግሯን ወለሉ ላይ ተከለች። በመታት ቁጥር ትገፋለች።

«ልቀቂኝ!»

«ጎማውን ጣል።»

«ጣቴ ነው እኮ!»

«ጎማውን ጣል ብዬሃለሁ። ድምፅህንም ቀንስ፤ ልጆች እያነበቡ ነው።»

የሚያነብ ልጅ አልነበረም። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ አንዱ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጫማው ላይ አስመለሰ። በስድስተኛው ምት ጆሮዋ ተተለተለና ደሙ ወደ አንገትጌዋ ወረደ። ያን ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ የመወልወያውን እንጨት አንሥታ እየበረረች ገባች። የመጀመሪያውን ስትሰነዝር ጋሽ ጎማን ስታ የወዳጇን ግንባር አገኘችው። «ይቅርታ እህቴ» አለችና ሁለተኛውን በእሱ ግራ አንጓ ላይ አሳረፈችው። ጎማው ወደቀ። ኤሊ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ አነሣችውና የተመለሱ መጻሕፍት የሚገቡበት ሳጥን ውስጥ ጨመረችው።

እትዬ ሽሽ ከመሳቢያው ስትለይ እሱ እጁን አውጥቶ አየውና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሦስቱ ጣቶች ወደ ሦስት አቅጣጫ ያያሉ። የአንዱ አጥንት በቆዳው በኩል ብቅ ብሏል፤ ጫፉ ላይ የአንድ ልጅ ካርድ ቁራጭ ተጣብቋል።

የእሷ ጆሮ በአሥራ አንድ ስፌት ተዘጋ። ጆሮዋን ሲሰፋላት የነበረው ነርስ «ማን ነው?» ቢላት «የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው» አለችው። ሰኞ ተመልሳ በሩን ከፈተች። ማንም አልመጣም። ወላጆች ደም ፈሰሰ የተባለበት ክፍል ልጆቻቸው እንዳይገቡ ከልክለዋል፤ ያልተከለከሉትም የሚያስፈራቸው ነገር ከሌለ ለምን ይምጡ። ማክሰኞ ሁለት መጡ። ረቡዕ የተረት ሰዓት አራት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ሰሟት፤ አንዱ የተሰፋውን ጆሮዋን ሲያይ ነው የዋለ፤ ሲወጡ ሁሉም አንዳንድ መጽሐፍ ያዙ። ሐሙስ አንድ። ዓርብ ሁለት መጡ፤ አንዷ ኤሊ ናት፤ ያንኑ መጽሐፍ ለአራተኛ ጊዜ ወሰደች።

ዓርብ ከሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴው መምህራን ማረፊያ ተሰበሰበ። ርዕሰ መምህሩ፣ የሒሳብ መምህሩና ጸሐፊዋ ባንድ በኩል፣ ሁለቱ ተከሳሾች በሌላ በኩል። የጋሽ ጎማ እጅ ሕፃን ይመስል በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ተኝቷል። ርዕሰ መምህሩ የሐኪሙን ወረቀት አነበበ፣ ቀጥሎ የሳምንቱን ክንውን አነበበ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት አራት መቶ አሥራ ሁለት። በዚህ ሳምንት ዘጠኝ።»

«ዘጠና?» አለ የሒሳብ መምህሩ።

«ዘጠኝ።»

የሒሳብ መምህሩ አፍንጫውን አሻሸ። «እንግዲህ ቁጥር ቁጥር ነው። ሰውየው አጥፍቷል፤ ግን ሠርቷል።»

ውሳኔው ተነበበ። ለሁለቱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ተቆጣጣሪው ጣቱ እስኪድን በር ላይ ይቀመጣል። ቤተ መጻሕፍቱ የተቀመጠለትን ቁጥር ስላላሟላ ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ይሆናል፤ እሷ መዝገብ ቤት ትገባለች። ጸሐፊዋ የምትፈርምበትን ወረቀት ገፋ አደረገችላት።

«የሚሉት ነገር አለ?» አላት ርዕሰ መምህሩ፣ ለደንቡ ያህል።

ፈረመች። እስክሪብቶውን ከድና ለጸሐፊዋ መለሰችላት። ከዚያ ባበጠ ከንፈሯ ቃሉን እየጎተተች፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እነዚህ ዘጠኙ ግን» አለች፣ «ማን መትቷቸው ነው የመጡት?»