የልጄን ወተት ድመት የጠጣችበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ረመዳንም ገጥሞት ስለነበር ቢሯችን ውስጥ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ጾመኛ ነበር። ዘንድሮ ጾም ሲገባ ነገሩ ትዝ አለኝና ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ቀን ግን የሳቅ ነገር አልነበረም።

የምሠራው ካዛንቺስ ውስጥ አሮጌ ቪላ ተከራይቶ በሚንቀሳቀስ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። የእናቴ ቤት ከቢሮው ጀርባ ስለነበር ነፍሰ ጡር ሳለሁ ሐሳቤ ቀላል ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እብስ እልና ልጄን አጥብቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የወሊድ ፈቃዴ ሳያልቅ ከቢሮው ጀርባ ያለው ሰፈር ለልማት ተነሣና ከከተማው ዳር ገላን ኮንዶሚኒየም ገባን። ከዚያ እስከ ቢሮ ሁለት ታክሲ ነው፣ ሰልፉ ሳይቆጠር። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሆነ ልጁን የምትይዝልኝ እናቴ ናት።

ልጄ ናሆም የዱቄት ወተት አይስማማውም። ቅብጠት እንዳይመስላችሁ፣ በጠጣ ቁጥር መልሶ ያስወጣዋል። ሌላም ዓይነት ገዝተን ሞከርን፣ ያው ነው። ስለዚህ እኔ በሌለሁበት ቀን ቀን የሚጠጣው፣ በዋዜማው ቢሮ አልቤ የማመጣለትን የጡቴን ወተት ነበር። እኔ ካላለብኩ እሱ ይራባል።

የት ነው የሚታለበው? ሽንት ቤት። ለሴቶች ያለን ሽንት ቤት ደግሞ አንድ ነው። ክዳኑን ዘግቼ እቀመጥና በእጅ የምትሠራውን ማለቢያ መጭመቅ እጀምራለሁ። ገና ጠብ ሳይል በሩ ይንኳኳል።

«ሰው አለ?»

«አለ!» እላለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ሰው አለ?»

ወተት የሚገርም ነገር ነው፣ ሰው ሲደነግጥ ይደበቃል። ጡቴ አግቶ ከመጠንከሩ የተነሣ መንካት እያቃተኝ፣ ጆሮዬ በሩ ላይ ስለሆነ ብቻ ጠብታ እምቢ ይለኛል። አንዳንዴ የማልብበት ብርጭቆ ግማሽ ሳይሞላ ተስፋ ቆርጬ እወጣለሁ። ያን ሰሞን በወሩ መጨረሻ ሥራዬን ልለቅ ወስኜ ነበር። ሥራዬን ደግሞ እወደዋለሁ።

እናቴ ገና ፈቃዴን ጨርሼ ስመለስ፣ «ወተትሽን ሰው እንዳያይብሽ፣ ዓይን ይገባሻል» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እኔም ዓይኑን እንኳ እምብዛም አልፈራሁም፣ የፈራሁት እፍረቱን ነው። ከወንዶች ጋር በምንጋራው ፍሪጅ ውስጥ የጡቴን ወተት አስቀመጥኩ ብዬ ማንን ልንገር? ስለዚህ ጡጦ ውስጥ ሳይሆን በባዶ የማርማላታ ብርጭቆ እያደረግሁ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ከታች ጥግ ላይ እወሽቀው ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ፌስታሉ ተፈታ መሰለኝ፣ ነገሩ ወጣ። የፋይናንስ ኃላፊያችን አቶ ወንድወሰን ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ይዘው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። አቶ ወንድወሰን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ፣ ሽሯቸውን እንኳ ለብቻው በሁለት ፌስታል የሚያስሩ ሰው ናቸው። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ይሄ ወተት የማን ነው?»

ሁሉም ዞሮ ናትናኤልን አየው። ናትናኤል የሽያጭ ሠራተኛችን ነው፣ የቢሮው ብቸኛ ጴንጤ።

«ኧረ በጌታ! እኔ አይደለሁም» አለ። «ማለቴ፣ ብጠጣም ደብቄ አልጠጣም እኮ!»

«ታዲያ የሰዒድ ነው?» አለች አንዷ፣ እየሳቀች። ጥበቃችን ሰዒድ እስኪያፈጥር ውኃ እንኳ እንደማይቀምስ ሁላችንም እናውቃለን። ጠረጴዛው በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። ከዚያ ዓይኔን ምሳ ዕቃዬ ላይ ተክዬ ቀረሁ። ብርጭቆው ወደ ፍሪጁ ተመለሰ፣ ማታ ሰው ሳያየኝ ይዤው ወጣሁ። አንዲት ቃል ብናገር የሚከተለው ሁሉ አይመጣም ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቴ ደወለች። ከኋላዋ የናሆም ልቅሶ ይሰማል። ከሌሊት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ያስቀመጥኩለት ወተት ተበላሽቷል። «ከጠዋት ጀምሮ ውኃ በማንኪያ ነው የሰጠሁት፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። የልጄን ልቅሶ እንደሰማሁ ደረቴ ላይ ሙቀት ተሰማኝ፣ ሸሚዜ ራሰ። ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ ስለምነው የምውለው ወተት፣ አሁን ማንም ሳይጠይቀው ፈሰሰ።

ላስፈቅድና ልሮጥ ነው። መጀመሪያ ግን ጠዋት ያለብኩትን፣ የነገውን ወተት ላውጣ ብዬ ፍሪጁን ከፈትኩ። የለም። ከላይ የለም፣ ከታች የለም። በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ግቢው ሳይ ብርጭቆዬ ከጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ባዶውን ቆሟል። አጠገቡ የሰዒድ ድመት ዓይኗን ጨፍና ከሳህን ላይ እየላሰች ነው። አቶ ወንድወሰን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያይዋታል።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

«ምን ማድረግዎ ነው!»

ደንግጠው ዞሩ። «ትናንት ጠይቄ ባለቤት አጣ እኮ ልጄ። ከሚደፋ እሷ ትጠጣው ብዬ ነው።»

«የልጄ ነው! የኔ ነው! ከዚህ የወጣ ነው!» ብዬ ደረቴን መታሁ። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መስኮቶቹ ሁሉ ላይ ሰው ነበር። ለወራት የደበቅሁትን በአንድ ጩኸት አወጅኩት። ድመቷ ብቻ ናት ሥራዋን ያላቋረጠችው።

አቶ ወንድወሰን መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ሸሚዜን እንዳዩ ፊታቸውን አዙረው ኮታቸውን አወለቁና ሳያዩኝ ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። «ልጁ የት ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ወዲያው ሄደው አሮጌዋን ኮሮላቸውን አስነሡ።

በመስቀል ፍላወር አድርገን ወደ ጎተራ ወጣን። ከኋላ ወንበር ላይ ኮታቸውን ደርቤ መንገድ የዘጋውን መኪና ሁሉ በልቤ እሰድባለሁ። የትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ፣ «ትናንት ስጠይቅ ለምን ዝም አልሽ?» አሉ።

«አፈርኩ፣ ጋሼ።»

ቢሮ ውስጥ ጋሼ ብያቸው አላውቅም። መብራቱ ሲለቅ መኪናውን አንቀሳቀሱ። ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ፣ «እኔ ጾመኛ ነኝ ብዬ ሕፃን አስጾምኩ» አሉ። ከዚህ በኋላ ልቆጣቸው አልቻልኩም።

ቤት ስንደርስ የናሆም ልቅሶ ከደረጃው ይሰማ ነበር። ድምፁ ሰልሏል። ከእናቴ እጅ ነጥቄ አጠባሁት። እየጠባ በመሃል በመሃል ይንሰቀሰቃል። ቤቱ ጸጥ ሲል አቶ ወንድወሰን ገና በሩ ውጭ ቆመው ነበር። እናቴ ግቡ ብትላቸው እምቢ አሉ። «ያዘ?» ብለው ጠየቋት። «ያዘ» አለቻቸው። «ተመስገን» ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ኮቴያቸው ደረጃውን ወረደ። ኮታቸው እኔ ጋ ቀረ።

አፍሬ ሁለት ቀን ቀረሁ። ስመለስ መልቀቄን ልናገር ነበር የገባሁት። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ፣ አቶ ወንድወሰን ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቢሮ ተቀይሮባቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ። ናትናኤል ነው ጎትቶ ወስዶ ያሳየኝ።

የአቶ ወንድወሰን ክፍል የድርጅቱ ካዝና ያለበት ስለነበር፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ብቸኛው ቢሮ ነው። ካዝናው ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ሄዷል። መጋረጃ ተሰቅሏል፣ የእንግዳ ሶፋ ገብቷል፣ ጥግ ላይ ትንሽዬዋ የሥራ አስኪያጁ ፍሪጅ ተሰክታለች። ናትናኤል እንደነገረኝ ሥራ አስኪያጁ ክፍል የለንም ብለው ሲያቅማሙ አቶ ወንድወሰን፣ «ገንዘብ የምንቆልፍበት ክፍል አለን፣ እናት የምትቀመጥበት እንዴት ይጠፋል?» ብለው ነው የጨረሱት።

«መጋረጃውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለ ናትናኤል። «አንቺ ግን ወተት ደባቂ አስብለሽኝ ዝም ማለትሽን መቼም አልረሳልሽም። በይ፣ የጡት ልጅሽም ጠዋት መጥታ ጠይቃሻለች።» ድመቷን ማለቱ ነው። ዛሬም ግቢ ስገባ እየሮጠች እግሬ ሥር ትመጣለች። መጀመሪያ ላይ እጠላት ነበር፣ አሁን ተላምደናል።

የመልቀቁን ነገር አላነሣሁትም። ናሆም አሁን ዓመት አልፎታል፣ የሰጡትን ሁሉ ይበላል። ክፍሉን ከእኔ በኋላ ከወሊድ የተመለሰች ሌላ ባልደረባችን እየተጠቀመችበት ነው። እሷ ገና በመጀመሪያ ቀኗ ጡጦዋን በእጇ ይዛ፣ ሳትደብቅ ሰተት ብላ ስትገባ አይቼ ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ።

እኔ ግን የማልረሳው የራሴን የመጀመሪያ ቀን ነው። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው አንድ ሰው እጀታውን ነካ። እንደ ልማዴ ደነገጥኩና «አለ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ከኮሪደሩ የአቶ ወንድወሰን ድምፅ ቀደመኝ፣

«ሰው አለ። ይጠብቁ።»

ያን ቀን ብርጭቆው ሞልቶ ተረፈ።