ከቃለ ጉባኤው የወጣው ንግግር

ባለፈው ሳምንት መካኒሳ ለአንድ ረቂቅ ደንብ ውይይት ተጠርቼ ነበር። በሩ ላይ አንዲት ልጅ የታሸገ ውሃ እያደለች ታስፈርማለች። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ቆምኩ። “ምነው እህቴ፣ ስምሽ ጠፋብሽ?” አለችኝ እየሳቀች።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዓመት በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ሥራው ተስማምቶኛል። ሰኔ ነው፤ የላፍቶ መንገድ በጭቃ ተቦክቷል፤ ታክሲ መያዣው ጋ በቆሎ ይጠበሳል፤ ትውከትና ተቅማጥ ገብቷል ይባላል። ለዚህ በጥድፊያ የተዘጋጀው ረቂቅ ደንብ፣ ታማሚ የተገኘበት የምግብና የወተት መሸጫ ቤት ሁለት ወር ይታሸግ ይላል።

ነዋሪው ለውይይት ሲጠራ የእድሩ ሊቀመንበር አባባ ቶሎሳ ተነሡ። “ልጆቼ፣ እንጀራውን የምትዘጉበት ሰው ታምሜያለሁ ይላችኋል? በሽታውን ቤት ውስጥ ትቆልፉታላችሁ።”

“አባባ ላማቸው አሳስባቸው ነው” አለ አንዱ ከኋላ።

“ላሜ ብትሰበሰብ ካንተ የተሻለ ታዳምጥ ነበር” አሉና ተቀመጡ። ቤቱ ሳቀ።

ሁሉንም ጻፍኩት። በማግስቱ የቡድን መሪዬ ወይዘሮ ሰናይት አንብባ፣ “የአባባን ንግግር አውጪው” አለችኝ።

“ተናግረዋል እኮ።”

“የኔ እህት፣ በዚህ ሳምንት ይጽደቅ ተብሏል። ቅሬታ አለ ካልን እንደገና ወደ ውይይት ይመልሱታል፤ በሽታው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጠንም። ‘ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተቀብሏል’ በይ።”

አልኩ። ተሰብሳቢው ውሃ ሲቀበል የፈረመበትን ወረቀትም ለስምምነቱ ማስረጃ ብለን አያያዝነው። የአባባ ቶሎሳ ፊርማ ከላይ አራተኛው ነበር።

ደንቡ ጸደቀ፤ ሐምሌ ላይ ታማሚ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞርን። በየበሩ “ደህና ነን” ይሉናል፤ ግማሽ በር ከፍተው። የአባባ ቶሎሳ ልጅ ጫልቱ፣ ወተት የምትሸጠው፣ እሷም “ደህና ነን” አለች። ከኋላዋ የበረኪና ሽታ ይመጣል፤ ከጓዳ ሰው ሲያስመልስ ይሰማል። ዓይኗ ባልደረባዬ በያዘው የማሸጊያ ወረቀት ላይ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የቀረውን ኦ አር ኤስ በእጇ አስጨበጥኳትና “ታማሚ የለም” ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን እድሩ ድንኳን ተከለ። የሞተው የጫልቱ ባል ነው። እስከ ዋዜማው ድረስ ሰፈሩ ከእሷ ወተት ይቀዳ ነበር።

ለቅሶ ስደርስ አባባ ቶሎሳ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። “ልጄ፣ ያን ቀን ያልኩትን ጽፈሽው ነበር?” አሉኝ።

“አዎ፣ አባባ።”

“እንግዲያ አንብበው ነው የናቁን።”

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ረግጠው አያውቁም። ንግግራቸው ከቢሮ እንዳልወጣ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ላፍቶ ወርጄ በራቸውን ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። የናቃቸው ሌላ ሰው እንደሆነ እያመኑ ያረጃሉ፤ እኔን ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኛል። ደንቡ እንዳለ ነው። ክረምቱ እንደገና ገብቷል፤ ከላፍቶ የሚመጣው ሪፖርት ታማሚ የለም ይላል።