ማርታ ሹራብ ስትጀምር

ሰሞኑን ቤታችን እርጥብ ሱፍ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። የልጅ ልጄ ማርታ ከሰልቫጅ ተራ ያረጁ ሹራቦች እየገዛች ትተረትራለች፤ ክሩን በሳሙና አጥባ ግቢው ውስጥ ታሰጣውና ዝናብ ሲመጣ ሰብስባ እኔ ራስጌ ትሰቅለዋለች፤ እኔም ያን ሽታ እየሳብኩ ሳላስበው ልጅነቴ ውስጥ ገብቼ እገኛለሁ።

ያኔ ሶዶ ትንሽ ነበረች፤ በክረምት የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ ግቢያችን ይገባና እኛና ላማችን አንተያይም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሸምሲያ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ከፊት ስኳርና ላምባ ሲሸጡ፣ እሳቸው ከሱቁ ጓሮ ተቀምጠው የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ሹራብ ያስተምሩ ነበር። የሹራብ መርፌ ከየት ይምጣ፤ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነቅለው፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ስለው ይሰጡናል። ስለዚህ በሰፈሩ ጃንጥላ የተሰበረበት ሰው ገና አዝኖ ሳይጨርስ እኛ ደጁ ላይ ነን።

የእኔ ልብ ግን ትምህርት ቤት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዳና ሊመዘገብ የሄደ ጠዋት፣ እኔስ ብዬ አባቴን ብጠይቀው ዞር ብሎ ሳያየኝ፣ «ለአንቺ ክሩ ይበቃሻል» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስኳር ድንች ሲበስል ትልቁን ለእኔ የሚያነሳ አባት ነው። ሁለት ልጅ ለማስተማር አቅም አልነበረውምና መረጠ፣ እኔ ቀረሁ።

የዳናን የትምህርት ቤት ሹራብ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንዱን እጅጌ የጨረስኩት ከዚያ ጠዋት በፊት፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ ነበርና፣ የኋለኛው ክሩ ጠብቆ ጠብቆ ክርኑ ላይ ቀረ። ዳና ለብሶት ወጥቶ፣ አንዱ እጄ የሀብታም አንዱ የድሃ እያለ ሰፈሩን በሳቅ ገደለው። እትዬ ሸምሲያ ብቻ አልሳቁም፤ አጭሩን እጅጌ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ «ይሄንን ስትሠሪ አልቅሰሻል፣ ልጄ» አሉኝና አብረውኝ ተረተሩት።

ባል አግብቼ ልጅ ስወልድ ሽቦውን ጣልኩት። ፊደልን በኋላ ከልጆቼ ጎን ቁጭ ብዬ ለቃቀምኩ፤ ሹራብ ግን ለልጄም ለማርታም አላሳየሁም። እጃቸው ከለመደ፣ እነሱንም ከትምህርት የሚያስቀር ሰው ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ማርታ ተመርቃ ጥቁሩን ጋውን ለብሳ በበሩ ስትገባ፣ የፈራሁት አለፈ ብዬ እልል አልኩ።

ይኸው ዓመት ዓመትን ተካ፣ ሥራ የለም። አረካም በዴሳም ማስታወቂያ ተለጠፈ በተባለ ቁጥር ሚኒባስ ተሳፍራ ትሄዳለች፣ አቧራዋን ለብሳ ትመለሳለች። አሁን እንደሷ የተማሩ ልጆች በረንዳችን ላይ ተኮልኩለው ሲሠሩ ይውላሉ፤ ሰዉም ሹራብ ተመልሶ መጣ ይላል። ለምን መጣ ስላቸው፣ በስልክ እያየን ለመድነው ይላሉ፤ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ፣ በባህል ልብሳችን በዱንጉዛ ቀለም፣ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ የተሠራ ኮፍያ ወጣቱ ይወደዋል ይላሉ፤ ሐሳብ ያስረሳል ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው። ለእኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው፤ እኛ ክሩን የምናስቀምጠው ኑሮ ሲጠራን ነበር፣ እነዚህ ያነሱት ኑሮ ሳይጠራቸው ሲቀር ነው።

ትናንት ማርታ የጀመረችውን ይዛ አጠገቤ መጣች።

«አያቴ፣ አንገቱ ጋ ስደርስ ስልኩ ቶሎ ቶሎ ያልፍብኛል። አንቺ ትችያለሽ አሉ፤ እንዴት ነው የሚቀነሰው?»

ረሳሁት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማመልከቻውስ አልኳት።

«እሱን እንኳ ተዪው፣ አያቴ።»

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ዝናቡ አባራ እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ገና የሚጠብቀው ነገር አለ። ምን ላድርግ፤ ጠጋ በይ ብዬ ጣቶቿን በጣቶቼ ይዤ፣ ሁለቱን የክር ቀለበት አንድ እያደረግን፣ ቀስ እያልን ዞርነው። ያን ሁሉ ዘመን ሳልነካው ኖሬ እጄ ምንም አልረሳም።

የእሷም እጅ ቶሎ ለመደ። ባይለምድ ነበር የምመኘው።