አዳዳ ፋጡማ ቡና የቆሉ ዕለት

ዛሬ ጠዋት አሰላ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ሥጋ በምንጠብስበት የብረት ፍርግርግ ላይ ምጣድ ጥጄ ቡና ስቆላ ፍሬው መንጣጣት ጀመረ። አዳዳ ፋጡማ ትዝ አሉኝ።

አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እናቴ እሳት አጠገብ እንዳይደርሱ ከልክላቸው ነበር። አንድ ቀን እናቴ ሁሩታ ገበያ ስትሄድ ጠሩኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

«ነይ፣ ከሰሉን ደጅ አያይዢልኝ። ዛሬ ቡናውን የምቆላው እኔ ነኝ።»

«እማዬ ብትቆጣስ? ደግሞ መድረሱን በምን ያውቃሉ?»

«ቡና መድረሱን ራሱ ይናገራል፤ የሚሰማው ሰው ነው የጠፋው።»

እየፈራሁ ጣድኩላቸው። ሙቀቱን በመዳፋቸው ከላይ ለክተው ማማሰል ጀመሩ። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ጭሱን ፊታቸው ላይ ሲያመጣው አሸተቱና «ገና ሣር ሣር ይላል» አሉ። ቆይቶ ፍሬው ተንጣጣ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ድምፁ ሳሳ ሲል «አውጪው!» አሉኝ።

ሰፌድ ላይ ገለበጥኩት። አንድም ያረረ፣ አንድም ጥሬ አልነበረበትም።

እናቴ ስትመለስ ሽታው ከበር ተቀበላት። አዳዳን ከሰሉ አጠገብ ስታይ ልትቆጣ ነበር፤ ግን ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ዘግና አየችው።

«ማን ቆላው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

አዳዳ ፈገግ አሉ።

ዛሬ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ለመስማት ሞከርኩ። ግማሹ አረረብኝ።