«ቀዩን በርበሬ ብቻ ይዩት»

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቡታጅራ፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አርባ ገበሬዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ ዓይኔን አፍጥጬ ሰዓቴን አያለሁ... ደሜ ፈልቷል።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የሰብል ባለሙያ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዘንድሮ እንሴኖ አካባቢ ዝናቡ ያለ ልክ ጣለና የበርበሬ ማሳው ውሃ ቋጠረ። በርበሬ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ሥሩ ይበሰብሳል። ቀልድ የለውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከማሳ ማሳ እየዞርኩ «ቦይ ቅደዱ! ውሃውን አስወጡ!» ስል ከረምኩ። «እሺ» ይሉኛል። ተመልሼ ስሄድ ውሃውም እዚያው፣ «እሺ»ውም እዚያው።

በዚህ መሀል ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ገበሬዎቹን ይዤ ለአንድ ቀን ሥልጠና ቡታጅራ እንድገኝ። ርዕሱ «አእምሮን ዘና አድርጎ ግብን በምናብ ማየት»። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። ችግኙ ሊሞት ነው... እኛ በምናብ ልናየው!

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ነጭ ጫማ ያደረገ ወጣት ነው። በዚህ ክረምት፣ ነጭ ጫማ።

«ዘና በሉ... ትከሻችሁን ልቀቁት... ዓይናችሁን ጨፍኑ... መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉ...»

ይሄኔ ከፊት የተቀመጡት ሐጂ ሸምሱ እጃቸውን ደረታቸው ፊት ዘረጉና ዱዓ ጀመሩ። ስለ ሰላም፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ታመመው ሁሉ... አዳራሹ «አሚን» ይላል፤ ክርስቲያኖቹም «አሜን» ይላሉ። አሠልጣኙ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«አባባ፣ ይቅርታ... ጸሎት እኮ አይደለም። ልምምድ ነው።»

«ዓይን ተጨፍኖ፣ እጅ ተዘርግቶ... ታዲያ ምንድነው ልጄ?»

አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎስ? ቢጨፍኑ?»

«አንድ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ» አልኩት።

ትቶኝ ወደ ሐጂ ተመለሰ። «አባባ፣ ግብዎ ምንድነው?»

«በርበሬዬ እንዲደርስልኝ ነዋ።»

«ደርሷል! አሁን ማሳው ውስጥ ነዎት። በእግርዎ ይዙሩትና ያዩትን ይንገሩን።»

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉዞ ጀመሩ። «ቢስሚላህ... ገባሁ። ላይኛው ጎን ደህና ነው። ቀልቷል...»

«በጣም ጥሩ! ይቀጥሉ።»

«ወረድኩ... ወረድኩ...» ግንባራቸው ተቋጠረ። «እዚህ ጋ ውሃ አለ።»

«ውሃውን ይተዉት አባባ። ቀዩን በርበሬ ብቻ ይዩት።»

«እንዴት ልተወው? እግሬ ገባበት እኮ!»

«መጥፎውን ካዩ መጥፎው ይመጣል...»

«መጥቷል ነው የምልህ! ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። ያ ቅጠል ሁለት ሳምንት ጣቴን ቀስሬ ያሳየኋቸው ቅጠል ነው! «ሐጂ፣ ታዲያ ቦይ ይቅደዱ ስልዎት ለምን አልቀደዱም?» ብዬ ጮህኩ።

ዓይናቸውን አልገለጡም። ድምፃቸውን ግን ዝቅ አደረጉ። «ብቀደው ውሃው የት ይሄዳል? ከኔ በታች ያለው የዘነበች ማሳ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ላይ ውሃ ልልቀቅ? ሰው ምን ይለኛል?»

ወይዘሮ ዘነበች ሁለት ረድፍ ኋላ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው።

«ሐጂ፣ እኔም በድንበራችን ላስቆፍር አስቤ ነበር... 'ውሃዎን ያዙልኝ' ያልኩዎት እንዳይመስልብኝ ብዬ ተውኩት እንጂ። ከታች የመንገዱ ቦይ አለ እኮ። በድንበሩ ብንቀደው እዚያ ይወርዳል።»

«ያ መንገዱ ሲሠራ የተቆፈረው?»

«እሱ ነዋ።»

«አንቺ ልጅ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎስ?»

ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። ከዘራቸውን አነሱና «በሉ ተነሱ፣ ሌላ ዝናብ ሳይጨመርበት» አሉ። ሌሎቹም እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ለካ ሁሉም ከበታቹ አንድ የሚያፍረው ጎረቤት አለው። ሻይና ብስኩቱ እንኳ ሳይመጣ አዳራሹ ባዶ ሆነ። አሠልጣኙ «የከሰዓቱ ክፍል አለ እኮ!» እያለ እስከ በሩ ተከተላቸው። የሰማው የለም።

በማግስቱ እንሴኖ ወረድኩ። በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ፣ ከላይ እስከ መንገዱ ድረስ ቀጥ ያለ ቦይ ተቀዷል። ውሃው እየተንፎለፎለ ይወርዳል። የታችኛው ጥግ ሞቷል፤ ያንን ምንም አያድነውም። የቀረው ግን ቆሟል።

ሐጂ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ጠበቁኝ። «ስማ ተካ፣ ያ አሠልጣኝ ልጅ ጎበዝ ነው። አሳየን።»

«እኔስ ሐጂ? ሁለት ሳምንት የጮህኩት?»

«አንተማ 'አስወጡ' አልክ...» አሉ ረጋ ብለው። «'ወዴት' አላልክም።»

ቦይ ከመቀደዱ በፊት መውጫው ይለያል፤ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው። ከበታቼ ያለ ባለሙያ ይሄን ቢስት ቁጭ ብድግ አደርገው ነበር። በዚያ ሁሉ ምልልሴ አንድም ቀን «ምን ቸገራችሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም። የጠየቀው... ነጭ ጫማው ነው። እሱም ሳያውቀው።

ማታ አሠልጣኙ የሰጠኝን የአስተያየት ቅጽ ከኪሴ አወጣሁ። «ከሥልጠናው ያገኙት ጥቅም» ይላል። እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

«ወንበሩ አይመችም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።